ጅራታም ኮከብን ሲጠብቅ ስለ ኖረው ገበሬ

በ1989 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ እኔ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብና በሰሜን መካከል አንድ ጅራታም ኮከብ እየወጣ ብዙ ቀን ታየ። እኛ ተማሪዎች አኰፋዳችንን ከጎጆው አስቀምጠን ከደጅ ቆመን እናየው ነበር። ራሱ ወደ አድማሱ፥ ጅራቱ ወደ ላይ ሆኖ፥ በነጭ ወረቀት ላይ ውሃ እንደ ነካው ቀለም ፈዝዞና ሰፍቶ ይታይ ነበር። የአገሩም ሽማግሎች «ይህ የጦር ምልክት ነው» አሉ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያው ሰዎች «አላልንም ነበርን?» አሉ፤ የሚመልስላቸውም አልነበረም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እኔም ጸሓፊ ሆኜ ሳለሁ፥ በአንድ ለቅሶ ቤት ይኸው ነገር ተነሣ። አንድ የሥጋ ዘመዴ የሆኑ ሽማግሌ «ኮከቡ የታየው ጦሩ በተነሣበት ወር ነው» ብለው ተናገሩ። እኔም «አባቴ፥ ከጦሩ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው የታየው፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ» ብዬ መለስሁ። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው «አንተ ልጅ፥ ቀኑን ጽፈኸዋልን?» አሉኝ። አልጻፍሁም ነበር። ቀለም በጥብጬ፥ ብርዕ ቀርጬ ስንት ነገር ስጽፍ የኖርሁ ሰው፥ በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ የሚደነቀውን ሳልጽፈው ቀርቼ ነበርና አፈርሁ።

ከዚያ እፍረት የተነሣ መጻሕፍትን መመርመር ጀመርሁ። ኮከቡ ሄል ቦፕ የሚባለው መሆኑን፥ ለፀሐይ እጅግ የቀረበውም በመጋቢት 23 ቀን 1989 ዓ.ም. መሆኑን አገኘሁ። ስሙን የሰጡትም በሐምሌ 16 ቀን 1987 ዓ.ም. ሌሊት በአሜሪካ አገር በተለያየ ስፍራ ሆነው በአንድ ሌሊት ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አላን ሄል የከዋክብት ሊቅ ነው፤ ሁለተኛው ቶማስ ቦፕ ግን ለሕንጻ የሚሆን ዕቃ በሚሠራበት ፋብሪካ የሚያገለግል ሠራተኛ ነበረ። የገዛ ራሱ የርቀት መነጽር እንኳ አልነበረውም፤ ያየው በወዳጁ መነጽር ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ሊቅ ሳይባሉ ደመወዝም ሳይቈረጥላቸው ጅራታም ኮከብን ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ወደድሁ። ከእነርሱም ሁሉ አብልጬ የወደድሁት የአንድ ገበሬ ልጅ ታሪክ ስለ ሆነ፥ ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች ይጠቅም ዘንድ እነሆ ጻፍሁት። ዘመኑን ሁሉ በእኛ ቍጥር አድርጌዋለሁ።

አስቀድሞ ግን ጅራታም ኮከብ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ስሙ ኮከብ ይባል እንጂ ኮከብ አይደለም። በረዶና ትቢያ ተጋግሮ የረጋ፥ ብዙውን ጊዜ ወርዱ ጥቂት ኪሎሜትር የሆነ አካል ነው፤ የሄል ቦፕ ግን እጅግ ትልቅ ነው፥ 60 ኪሎሜትር ያህል ይገመታል። ከፀሐይ ርቆ ሳለ ጨለማ ነው፥ አይታይም። ወደ ፀሐይ በቀረበ ጊዜ በረዶው ይተናል፤ እንፋሎቱና ትቢያውም በፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ በሚነፍሰው ኃይል እየተገፋ ጅራት ይሆናል። ስለዚህ ጅራቱ ዘወትር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ነው፤ ከፀሐይ በሚመለስበትም ጊዜ ጅራቱ ይቀድማል፥ ራሱ ይከተላል። ነፋስ በፊቱ ሲመጣበት ጋቢው ወደ ኋላ የሚበር፥ ነፋስ በኋላው ሲመጣበት ጋቢው ወደ ፊት የሚበር መንገደኛን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ተማሪዎች ከተወርዋሪ ኮከብ ጋራ እንዳያሳስቱት መምህሩ ይጠንቀቅ፤ ተወርዋሪው በዐይን ቅጽበት ያልፋል፥ ጅራታሙ ግን በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ስፍራ እየለወጠ ሳምንትና ወር ይቈያል።

ይህን የሚፈልጉ ሰዎች ነገር ጥንታዊ ነው። ኤድመንድ ሃሌ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ አንድ ጅራታም ኮከብ በ76 ዓመት ያህል እየተመለሰ እንደሚመጣ አስልቶ ተናግሮ ሞተ። በ1751 ዓ.ም. በፈረንጆች የልደት ዕለት መመለሱን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ከታላላቆቹ ሊቃውንት አንዱ አይደለም፤ በጀርመን አገር በድሬስደን አጠገብ የሚኖር ዮሐን ፓሊች የሚባል ገበሬ ነው። ከእርሱም በኋላ ዣን ሉዊ ፖንስ የሚባል ድኻ ፈረንሳዊ ተነሣ። በማርሴይ ከተማ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት በር ጠባቂ ሆኖ ገባ፤ ሊቃውንቱም ፍላጎቱን አይተው በመነጽሩ እንዲያይ ፈቀዱለት። ከ1793 እስከ 1819 ዓ.ም. ባለው ዘመን 37 ጅራታም ከዋክብትን አገኘ። በዐይን ተመልክቶ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ዕውቀቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በቃል የያዘው ነበረ፤ የሰማይን መልክ በልቡ ስለ ያዘ አዲስ ነገር በገባ ጊዜ ወዲያው ያውቀዋል። ይህን ለደብረ ኤልያስ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በዜማ ቤት አንድ ምልክት የሳተውን ተማሪ መሪጌታው ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ሳለ ያውቁበታልና።

አሁን ወደ ገበሬው ልጅ ታሪክ እንመለስ። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍል፥ ዴልፎስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ በታኅሣሥ 24 ቀን 1892 ዓ.ም. ሌስሊ ፔልቲየር ተወለደ። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከማድ ቤቱ መስኮት ላይ ሆኖ ተሰብስበው የሚታዩትን ሰባቱን ከዋክብት አየ፤ እናቱም ስማቸውን ነገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልተመለከተም። በግንቦት 1907 ዓ.ም. አንድ ማታ ቀና ብሎ ሰማይን ባየ ጊዜ፥ የሜዳውን አበባና ወፍ ሁሉ በስሙ እያወቀ ከላይ ካሉት ግን የአንዱን ስም እንኳ በትክክል አለማወቁን አስተዋለ። ከመጻሕፍት ቤት መጽሐፍ ተውሶ ቬጋ ከምትባለው ብሩህ ኮከብ ጀመረ፤ ከእርስዋ ወደ ጎረቤትዋ፥ ከጎረቤትዋ ወደ ሦስተኛይቱ እያለ ያለ አንዳች መነጽር በዐይኑ ብቻ አጠናቸው።

ከዚህ በኋላ መነጽር ተመኘ፤ ዋጋው 18 ዶላር ነበር፥ እርሱም ገንዘብ አልነበረውም። በአባቱ እርሻ ላይ እንጆሪ ይለቀም ነበርና ለአንድ መስፈሪያ፥ አንድ ሊትር ያህል ለሚሆን፥ ሁለት ሳንቲም እየተከፈለው 900 መስፈሪያ ለቀመ። አንባቢው ቢያሰላው ልክ 18 ዶላር ይመጣል፤ መምህሩም ለሒሳብ ትምህርት ሊያደርገው ይችላል። የተገዛው መነጽር መስተዋቱ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ የሆነ ትንሽ ነበር። የሚቆምበትንም መሣሪያ በእርሻው ግቢ ከወዳደቀ ዕቃ ራሱ ሠራው። ወንድሙ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሄደ ጊዜ እርሻውን የሚሠራ ሰው ስለ ጠፋ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወ፤ ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰም።

ቀን እያረሰ ሌሊት ይመለከት ጀመር። ብርሃናቸው ሲጨምርና ሲቀንስ የሚኖር ተለዋዋጭ ከዋክብት አሉ፤ የእነዚህን ብርሃን በየሌሊቱ እየገመቱ የሚጽፉ ሰዎች በአሜሪካ ማኅበር መሥርተው ነበር። ፔልቲየርም በየካቲት 22 ቀን 1910 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፥ ከ60 ዓመት በላይ፥ በየወሩ መዝገቡን ላከ፤ የላከውም ቍጥሩ ከ132,000 የሚበልጥ ነው። ማኅበሩም ትጋቱን አይቶ የተሻለ መነጽር አዋሰው፤ ቈይቶም ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 15 ሳንቲሜትር የሆነ፥ በአንድ ጊዜ ሰፊ ሰማይ የሚያሳይ፥ ለጅራታም ኮከብ ፍለጋ የተሠራ መነጽር በውሰት መጣለት። ይህን በከብቶች መሰማሪያ ላይ በሠራት ትንሽ ቤት አቆመው።

የፍለጋው ሥራ እንዲህ ነው። ጅራታም ኮከብ የሚደምቀው ለፀሐይ ሲቀርብ ስለ ሆነ፥ ፈላጊው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምዕራብን፥ ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ ምሥራቅን ይፈትሻል። መነጽሩን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ ይነዳል፤ ጥቂት ከፍ ያደርግና እንደ ገና ይመለሳል፤ ገበሬ ትልም እንደሚያወጣ ማለት ነው። ጨረቃ ካለች ፈዛዛው ነገር አይታይም፤ ስለዚህ ፈላጊው ጨረቃ የሌለችበትን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በዚህስ የእኛ ሊቃውንት አያንሱም፤ አበቅቴውንና ሕፀፁን ይዞ የጨረቃን ሌሊት የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የዓመቱን ጨለማ ሌሊቶች ሁሉ ተቀምጦ ሊቈጥር ይችላል። ዳግመኛም ሰማይ ጅራታም ኮከብ በሚመስሉ፥ ነገር ግን ከስፍራቸው በማይንቀሳቀሱ የጭጋግ ነጠብጣቦች የተሞላ ነው። ሻርል መስዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፈላጊ በእነርሱ መታለል ቢሰለቸው ከ100 የሚበልጡትን መዝግቦ ለተከታዮቹ ተወላቸው፤ ዛሬ በስሙ የሚታወቁት ናቸው። አዲስ ነገር አየሁ የሚል ሰው እንግዲህ መዝገቡን ያያል፥ አንድ ሰዓት ቈይቶም መንቀሳቀሱን ያረጋግጣል። ድካሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የአሜሪካዊውን የዶናልድ ማክሆልዝን ነገር ማንሣት ይበቃል፤ በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያውን እስኪያገኝ ድረስ 1,700 ሰዓት ፈልጓል።

ፔልቲየርም ብዙ ሌሊት ባዶውን ተመለሰ። በኅዳር 4 ቀን 1918 ዓ.ም. ግን የመጀመሪያውን አገኘ፤ ለሃርቫርድ የከዋክብት ቤትም በቴሌግራም አስታወቀ። ያንኑ ኮከብ ቪልክ የሚባል የፖላንድ ሰውም አግኝቶት ስለ ነበረ በሁለቱ ስም ተጠራ። እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ፥ አንዳንዱን ብቻውን አንዳንዱንም ከሌሎች ጋራ፥ 12 ጅራታም ከዋክብትን አገኘ።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚነካን አንዱ ነው። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ፔልቲየር አንድ ጅራታም ኮከብ ብቻውን አገኘ፤ ይህም በሐምሌ መጨረሻ ለምድር ቀርቦ ያለ መነጽር የሚታይ ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ወሩን አስተውል። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያ ኮከብ በእኛ አገር በግልጥ ታይቶ ቢሆን ኖሮ የመከራው ምልክት ነው ሳይባል ባልቀረም ነበር። ነገር ግን ሲታወቅ ጊዜ ከተማይቱ ተይዛ ነበር፤ በዐይን ሊታይ በበቃ ጊዜም ጎጃም በክረምት ደመና ተሸፍኖ ነበር። ከመከራው በኋላ የመጣ መከራውን እንዴት ያመለክታል? እርሱን ያየው ገበሬም ስለ አዲስ አበባ መያዝ አላሰበም፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ስፍራውን ጻፈ እንጂ።

የሃሌው ኮከብም እንዲሁ ነው። በ1902 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት በታየ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው በጽኑ ታመው ተኝተው ነበር። በየካቲት 1978 ዓ.ም. በተመለሰ ጊዜም ታላቁ ረኃብ አንድ ዓመት ቀድሞት ነበር። ሽማግሎቻችን ውሸታሞች ናቸው ለማለት አይደለም፤ ያዩትን አይተዋል። ነገር ግን ያልተጻፈ ቀን በልብ ውስጥ ሲቈይ ወደሚያስፈራው ነገር ይጠጋል። እኔም ከዘመዴ ጋራ ስከራከር ማስረጃ ያጣሁት ስለዚህ ነው።

ፔልቲየር ግን ስሕተቱንም ሳይቀር ጽፏል፤ ከሁሉ ይልቅ ይህን ወደድሁለት። በሰማይ አክሊል በሚባለው የከዋክብት ክብ ውስጥ አንዲት ፈዛዛ ኮከብ አለች፤ በ1858 ዓ.ም. በድንገት ደምቃ ታይታ ተመልሳ ፈዝዛ ነበር። ዳግመኛ ትደምቅ ይሆናል ብሎ ከ25 ዓመት በላይ ጠበቃት። በየካቲት 2 ቀን 1938 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሊመለከት ተነሣ፤ ሰውነቱን ጕንፋን እንደሚጀምረው ሰው ቢበርደው ግን «ዛሬስ ይቅር» ብሎ ተመልሶ ተኛ። ኮከቢቱ በዚያው ሌሊት ደመቀች። ሌሎች ሰዎች አዩአት፤ ሩብ ምዕት ዓመት የጠበቃት እርሱ ግን አላያትም። በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህን እየሣቀ ተናዞአል፤ ከዚያ ወዲህ በእርሱና በእርስዋ መካከል ያለው ፍቅር እንደ ቀዘቀዘም ይናገራል። ይሁን እንጂ መመልከቱን አልተወም። ሰማንያ ዓመት ያህል እየቈየች የምትደምቅ ስለ ሆነች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተመልካቾች በየአገሩ ሲጠብቋት ነበር።

ኑሮው ዝቅተኛ ነበር። ከእርሻው ሌላ የቤት ዕቃና የሕፃናት መጫወቻ ለሚሠራ ድርጅት ንድፍ ያወጣ ነበር። ብርድ ቢያስቸግረው ተቀምጦ የሚያይባት፥ ከነወንበሩ ወደ ፈለገበት የምትዞር ጎጆ ሠራ፤ ሰውየው፥ መነጽሩና ቤቱ አብረው ይሽከረከራሉ። ያልተማረውን ሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተር አለው። መያሚ የሚባለው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲም በ1950ዎቹ መጀመሪያ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ታላቅ መነጽር ከነቤቱ ሰጠው። የሃርቫርዱ ሊቅ ሻፕሊም ሙያው ሳይሆን ሰማይን ከሚመለከቱ የዓለም ሰዎች ሁሉ ታላቁ እርሱ እንደ ሆነ መስክሮለታል። በግንቦት 2 ቀን 1972 ዓ.ም. በተወለደባት በዴልፎስ ሞተ።

ዛሬ አዳዲሶቹን ጅራታም ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ሰማይን በየሌሊቱ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ታላላቅ መሣሪያዎች ናቸው። ቢሆንም መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጌናዲ ቦሪሶቭ የሚባል ሰው በክራይሚያ ሆኖ ራሱ በሠራው መነጽር፥ ከፀሐይ ቤተ ሰብ ውጭ ከሌላ ኮከብ አካባቢ እንደ መጣ የታወቀውን የመጀመሪያውን ጅራታም ኮከብ አገኘ። በእኛም አገር ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች ተተክለው በ2007 ዓ.ም. ተመርቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ አንዲት ሩቅ ኮከብ «ቡና» ተብላ፥ በዙሪያዋ የሚዞረውም ዓለም «አቦል» ተብሎ እንዲጠራ ስም ሰጥታለች። ቶናና በረካ የሚባሉ ሌሎች ዓለማት ተገኝተው እንደ ሆነ እስካሁን አልሰማሁም።

የመንደር ትምህርት ቤት መነጽር የለውም፤ ፔልቲየርም ሲጀምር አልነበረውም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ቅኔ በተማሩበት በደብረ ኤልያስ ሌሊቱ ጨለማ ነው፥ በበጋ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ይህን ያህል ሰማይ የከተማ ልጅ አያገኝም። መምህሩ አንድ መዝገብ ያዘጋጅ። ተማሪው በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ስፍራ፥ ለምሳሌ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ፥ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰባቱን ከዋክብትና በአጠገባቸው ያሉትን እየተመለከተ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ኮከቡ ከየትኛው ጕብታ በላይ እንደ ታየ ይጻፍ። ደመና ሆኖ እንደ ሆነ «ደመና ነበር» ይበል፤ አዲስ ነገር ባያይም «አዲስ ነገር አላየሁም» ብሎ ይጻፍ። ይህ መስመር ከንቱ አይደለም፤ ኋላ አንድ ሰው «በዚያ ወር ኮከብ ታይቶ ነበር» ባለ ጊዜ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ማንበብ የሚችሉ ሽማግሎችም በልጅነታቸው ያዩትን ይንገሩ፥ ተማሪውም እንደ ነገሩት አድርጎ በሌላ ገጽ ይጻፈው፤ የታየውና የተሰማው ግን አይደባለቅ።

በመዝገቡም መጀመሪያ ገጽ ይህ ይጻፍ፤ የሃሌው ኮከብ በሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ለፀሐይ ይቀርባል። ዛሬ በአንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያን ጊዜ እኔ አሁን ያለሁበትን ዕድሜ ያህል ይሆነዋል። ወሩ ክረምት ስለ ሆነ ከደብረ ኤልያስ ላይታይ ይችላል፤ ሊያየው የሚወድ ሰው ደመና ወደሚሳሳበት አገር አስቀድሞ መውረድ፥ መዝገቡንም ይዞ መሄድ ያስፈልገዋል።